አየሩን የሚለካው ኮከብ

በግንቦት ወር ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ብታዘቀዝቅም ደቻቱ ቶሎ አይበርድም። ቀኑን ሙሉ ሲጋል የዋለው አሸዋ የቀኑን ሙቀት ገና መመለስ መጀመሩ ነው። ከዚራ በኩል ካለው የጎርፍ መከላከያ ግንብ አጠገብ ቆሞ ወደ መጋላ የሚመለከት ሰው፣ ማዶ ያለው ሁሉ አልረጋ ይለዋል። የቆመው ባጃጅ ጎማ ይሟሟል፤ አሸዋውን አቋርጦ የሚመጣው መንገደኛ ከጉልበቱ በታች ይጠፋና ይመለሳል፤ የሱቁ የቆርቆሮ በር ይዋልላል። ዐይን ደክሞ አይደለም፤ በመካከል ያለው አየር ነው።

ደቻቱን ወንዝ ማለት ለእንግዳ ግራ ያጋባል። ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው፤ መንገድም፣ ኳስ ሜዳም፣ ገበያም ይሆናል። ሲመጣ ግን ይመጣል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሌሊት ከተራራው የወረደው ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ይዞ እንደሄደ ያልሰማ የድሬ ልጅ የለም። የዛሬው ጉዳያችን ግን ውኃው ሳይሆን ከአሸዋው በላይ ያለው አየር ነው።

መሸት ሲል ከቀፊራ የሚመለሰው ሸማች ይሳሳል፣ ኳሷ የማትታያቸው ልጆች ጨዋታ ያቆማሉ፣ ሳምቡሳ ጠባሿ ሴትዮ ቡታጋዟን ታቀጣጥላለች። ከልጆቹ አንዱ ታይዋን ገበያ በትንሽ ብር የተገዛ አረንጓዴ ሌዘር ይዟል። መጀመሪያ ማዶ ግድግዳ ላይ አሯሯጠው፤ ቀጥሎ በሴትዮዋ ፊት ላይ አሳለፈው። «ኧረ አቦ፣ ዐይኔን!» አለች መጥበሻውን ሳትለቅ። ልጁ ደንግጦ ወደ ላይ አዞረው። ግድግዳ ላይ ነጥብ ብቻ የነበረው ብርሃን፣ አቧራ በሞላው አየር ውስጥ ከእጁ ተነሥቶ ወደ ሰማይ የሚዘረጋ አረንጓዴ መስመር ሆነ። መስመሩን ወደ ምዕራብ ባዘቀዘቀችው፣ አንዴ ቀይ አንዴ ሰማያዊ በምትመስለው ሲሪየስ ላይ አነጣጠረና «እትዬ፣ ኮከቧን ነካኋት!» አለ።

«ብትነካትም መንቀጥቀጧን አልተወችም» አለችው።

ሁለቱም ሳያውቁት፣ አስትሮኖሚ ከሰባ ዓመት በላይ ሲሟገትበት የኖረውን ጉዳይ ነካክተዋል። የኮከብን መንቀጥቀጥ ማስቆም ይቻላል ወይ? ይቻላል። ዛሬ በዓለም ትልልቅ ቴሌስኮፖች ላይ የሚደረገውም ይኸው ነው፤ ሌዘር ወደ ሰማይ ይላካል። የሚላከው ግን ኮከቧን ለመንካት ሳይሆን አየሩን ለመለካት ነው።

ሞቃት አየር ሳሳ ያለ፣ ቀዝቃዛው ጠጠር ያለ ነው። ብርሃን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር አቅጣጫውን በጥቂቱ ይቀይራል። ደቻቱ ላይ የባጃጁን ጎማ ያሟሟው ይህ ነው፤ ኮከብን የሚያንቀጠቅጠውም ይኸው ነው። የኮከብ ብርሃን በአስርና በመቶ ለሚቆጠር ዓመት ባዶ ጠፈር ውስጥ ምንም ሳያደናቅፈው ይጓዝና፣ መሬት ሊደርስ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ከባቢ አየራችን ውስጥ ገብቶ ይንገላታል። ከዚህ መናወጥ የሚበዛው ከመሬቱ አጠገብ የሚፈጠረው ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ኃይለኛው ነፋስ በሚነፍስበት ከፍታ ይፈጠራል። ጁፒተርና ቬነስ ብዙም የማይንቀጠቀጡት ቅርብ ስለሆኑና ነጥብ ሳይሆኑ ትንንሽ ክቦች ስለሆኑ ነው፤ በክቡ ላይ የሚደርሰው መናወጥ እርስ በርሱ ይቻቻላል።

የኮከብ መንቀጥቀጥ ለፍቅረኞች መልካም ነው፤ ለአስትሮኖመር ግን መርገምት። አይዛክ ኒውተን በ1704 ባሳተመው «ኦፕቲክስ» ላይ ችግሩን አንሥቶ፣ መፍትሔው ከፍ ባለ ተራራ አናት ላይ ያለውን ጸጥ ያለ አየር መፈለግ ብቻ እንደሆነ ተናግሮ ነበር። (የውጭውን ዓመት በእነሱው አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ከዚያ ወዲህ ሁሉም ተራራ ለተራራ ሲዞር ኖረ። በ1966 ዴቪድ ፍሪድ የተባለ አሜሪካዊ የችግሩን ልክ በቁጥር አስቀመጠው፤ በጥሩ ተራራ ላይ እንኳ አንድ ወጥ ሆኖ የሚቆየው የአየር ቁራጭ ስፋቱ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ትርጉሙ ያሳዝናል። 10 ሜትር ስፋት ያለው፣ በመቶ ሚሊዮን ዶላር የተሠራ መስታወት ብዙ ብርሃን ይሰበስብ እንጂ፣ ዝርዝር በመለየት ረገድ በጓሮ ከሚተከል 20 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ አይበልጥም።

ዝርዝር ስንል ምን ያህል ነው? አስትሮኖመሮች የሚጠቀሙበት ስፍር አርክሴኮንድ ይባላል፤ የአንድ ዲግሪ ሦስት ሺህ ስድስት መቶኛ ነው። የአንድ ብር ሳንቲም በአምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ብትቀመጥ የምትይዘው ስፋት አንድ አርክሴኮንድ ያህል ነው። የተናወጠ አየር ከዚያ ያነሰውን ሁሉ ያደበዝዛል። አሁን ቺሊ ውስጥ እየተሠራ ያለው ባለ 39 ሜትር ቴሌስኮፕ ግን፣ አየሩ ባይኖርና መሬቱም ጠፍጣፋ ቢሆን፣ ከደቻቱ ተነሥቶ አዲስ አበባ ላይ የተቀመጠችን የአንድ ብር ሳንቲም በኢንፍራሬድ ብርሃን ከጎኗ ካለችው ሳንቲም መለየት የሚያስችል ዐይን አለው። በአምስት ኪሎ ሜትርና በ340 ኪሎ ሜትር መካከል ያለው ልዩነት የአየሩ ዕዳ ነው።

ዕዳውን ለመክፈል የመጀመሪያውን ሐሳብ ያመጣው ካሊፎርኒያ ውስጥ የማውንት ዊልሰንና የፓሎማር ኦብዘርቫቶሪዎች ሰው የነበረው ሆራስ ባብኮክ ነው፤ ዘመኑ 1953። አየሩን ማረጋጋት ካልተቻለ፣ አየሩ ያጎበጠውን ብርሃን መልሶ ማቃናት ይቻላል አለ። ቅርጹን በቅጽበት የሚቀያይር መስታወት ያስፈልጋል፤ አየሩ በዚህ በኩል ሲገፋ መስታወቱ በዚያ በኩል ይጎብጣል። በባብኮክ ጊዜ እንዲህ የሚፈጥን ኮምፒዩተር አልነበረም፤ ሐሳቡ ለብዙ ዓመት ወረቀት ላይ ተኛ። ለሥነ ፈለክ ሥራ በተግባር የዋለው በ1989 ፈረንሳይ ውስጥ፣ በኦት ፕሮቫንስ ኦብዘርቫቶሪ ነው። ሞያው ዛሬ አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ይባላል።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ቴሌስኮፑ የሰበሰበው ብርሃን ሁለት ላይ ይከፈላል። አንዱ ወደ ካሜራው ይሄዳል። ሌላው በብዙ ረድፍ በተደረደሩ ጥቃቅን ሌንሶች ውስጥ ያልፋል፤ እያንዳንዷ ሌንስ ከመስታወቱ የአንዷን ቁራጭ ብርሃን ወስዳ አንድ ነጥብ ትሠራለች። አየሩ ጸጥ ቢል ነጥቦቹ በተሰመሩበት ቦታ ይቀመጣሉ። አየሩ ሲናወጥ አንዷ ወደ ግራ፣ ሌላዋ ወደ ላይ ትሸሻለች። ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዷን ሽሽት ለክቶ፣ አየሩ ብርሃኑን የት የት ላይ እንዳጎበጠው ያሰላል፤ ከስስ መስታወት ጀርባ የተተከሉ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ገፊዎች በሺህኛ ሚሊ ሜትር እየለኩ መስታወቱን ይገፉታል፣ ይስቡታል። ይህ ሁሉ ተጠናቆ እንደገና ይጀመራል፤ በሰከንድ ከመቶዎች እስከ ሺህ ጊዜ።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ነጥቦቹን የሚሠራ ብርሃን ያስፈልጋል። በሰከንድ ሺህኛ ውስጥ ለመለካት የሚበቃ ብሩህ ኮከብ መኖር አለበት፤ ያውም ልናየው ከምንፈልገው ነገር እጅግ የተጠጋ፣ የሁለቱም ብርሃን በአንድ አየር ውስጥ የሚያልፍ። ሰማይ ላይ ኮከብ ሞልቷል ብለን እንናገራለን እንጂ፣ በዚህ መስፈርት ሲታይ ሰማዩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሊታይ የሚፈለገው ሩቅ ጋላክሲ አጠገቡ ብሩህ ኮከብ የለውም። መሪ ኮከብ ከሌለ ያ ሁሉ ገፊና መስታወት ሥራ ፈት ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሳምቡሳው ልመለስ። ጨው ያለበት የሊጥ ብጣሽ ከመጥበሻው ጠርዝ ወርዶ ሰማያዊው የቡታጋዝ ነበልባል ላይ ሲወድቅ፣ ነበልባሉ ለአፍታ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ይህን ያላየ ምግብ አብሳይ የለም። ያ ቢጫ የሶዲየም ቀለም ነው፤ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ሲሞቅ የሚረጨው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 589 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። የድሮዎቹ ቢጫ የመንገድ መብራቶችም ውስጣቸው ሶዲየም ነው።

ከራሳችን በላይ በ90 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሶዲየም ንብርብር አለ። ያመጡት ተወርዋሪ ኮከቦች ናቸው። በየቀኑ ከጠፈር የሚመጣው ብናኝ እዚያ ከፍታ ላይ ሲቃጠል ብረቱንም፣ ማግኒዚየሙንም፣ ሶዲየሙንም በትኖ ይሄዳል። ንብርብሩ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ቢኖረውም እጅግ የሳሳ ነው፤ የመላው ምድር ሶዲየም ከዚያ ከፍታ ተጠርጎ ቢሰበሰብ አንድ ቶን መሙላቱም ያጠራጥራል። ቢሆንም ይበቃል። ልክ በዚያው ቢጫ ቀለም የተቃኘ ሌዘር ከቴሌስኮፑ ጎን ወደ ላይ ይለቀቃል። ሌዘሩ ሲነካው እያንዳንዱ የሶዲየም አቶም ብርሃኑን ይውጥና ከ16 ቢሊዮንኛ ሰከንድ በኋላ መልሶ ይተፋዋል። ከተተፋው ጥቂቱ ወደ ቴሌስኮፑ ይመለሳል። ወጥቶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ አየሩ ገና ሳይለወጥ መልእክቱ ይደርሳል። ከታች ሲታይ ከዚያ ከፍታ ላይ ቢጫ ኮከብ ተወልዳለች። በባዶ ዐይን የማትታይ ደብዛዛ ናት፤ ለነጥቦቹ ሌንሶች ግን ትበቃለች። የሌዘር መሪ ኮከብ የሚሏት እሷን ነው። ዋናው ነገር የፈለጉት ቦታ ላይ መትከል መቻሉ ነው።

የደቻቱው ልጅ አረንጓዴ መስመር ሌላ ዓይነት ነው፤ ብርሃኑን የመለሰው ታች ያለው አቧራና አየር ነው። በዚህም መንገድ ኮከብ ይሠራል፤ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ካለው አየር የሚመለሰውን ብርሃን ብቻ ጊዜውን ጠብቆ መቀበል ነው። ርካሽና ቀላል ነው፤ ጉድለቱ ከዚያ በላይ ያለውን አየር አለማየቱ ነው።

ታሪኩ ሌላ ፊት አለው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሌዘርን መሪ ኮከብ የማድረጉ ሐሳብ መጀመሪያ የተነሣው ለሥነ ፈለክ ተብሎ አልነበረም። የአሜሪካ ጦር የሶቪየት ሳተላይቶችን ከመሬት አጥርቶ ማየት ይፈልግ ነበር፤ የሌዘር ጨረርም ሳይበተን በአየሩ ውስጥ ማሳለፍ ይፈልግ ነበር። በ1981 ጁሊየስ ፋይንሊብ ሰው ሠራሽ ብርሃን ከአየሩ መልሶ መጠቀምን አቀረበ። በ1982 ክረምት ጦሩን የሚያማክሩ ሳይንቲስቶች ካሊፎርኒያ ላ ሆያ ተሰብስበው ሳለ፣ የፊዚክስ ሊቁ ዊል ሃፐር የ90 ኪሎ ሜትሩን ሶዲየም አስታወሰ። በቀጣዩ ዓመት ሮበርት ፉጌት የሚመራው ቡድን ኒው ሜክሲኮ፣ ከርትላንድ የአየር ኃይል ሰፈር ውስጥ የሌዘር ኮከብ ሐሳብ እንደሚሠራ፣ ከታችኛው አየር በሚመለስ ብርሃን፣ በተግባር አሳየ። ከዚያ ሁሉም በምስጢር ማኅተም ታሸገ።

የሚያሳዝነውም የሚያስቀውም ቀጥሎ የሆነው ነው። በ1985 ሬኖ ፉዋ እና አንትዋን ላቤይሪ የተባሉ ሁለት ፈረንሳዮች፣ ስለ አሜሪካኖቹ ምንም ሳያውቁ፣ ያንኑ ሐሳብ በሥነ ፈለክ መጽሔት ላይ አሳተሙት። በምስጢር የሚሠሩት ሰዎች አንብበው ዝም ከማለት በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። ሌርድ ቶምሰንና ቼስተር ጋርድነር የተባሉ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ የሶዲየም ኮከብ ሠርተው በ1987 ሲያሳትሙ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የሌዘር ኮከብ ከአራት ዓመት በፊት የተፈተነ ነበር። ምስጢሩ የተገለጠው በግንቦት 1991 ነው፤ ቀዝቃዛው ጦርነት ሊያበቃ ሲል። አንድ ትውልድ የሥነ ፈለክ ተማሪ ሌሎች በኪሳቸው የያዙትን መልስ ሲፈልግ ስምንት ዓመት አጠፋ። ጦር ካልገፋው ገንዘቡ አይመጣም ነበር የሚሉ አሉ፤ እውነት ሊሆን ይችላል። ዕውቀትን መቆለፍ ግን ዕዳው በመጨረሻ ማን ላይ እንደሚወድቅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሮጠ። ካሊፎርኒያ ያለው ሊክ ኦብዘርቫቶሪ በ1996 የሶዲየም ሌዘር ሥራ ላይ አዋለ።  ማውና ኬያ ላይ ያለው ኬክ በ2004፣ የአውሮፓውያኑ የቺሊ ቴሌስኮፕ በ2006 ተከተሉ። በ2016 ፓራናል ተራራ ላይ ባለው በዚሁ ቴሌስኮፕ አንዱ ክፍል አራት ሌዘሮች በአንድ ጊዜ ተለቀቁ፤ እያንዳንዱ 22 ዋት፣ ጨረሩ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው። 22 ዋት ለድሮው የቤት አምፖል ጥቂት ነው፤ በአንድ ጠባብ ጨረር ሲታጨቅ ግን ዐይን ያጠፋል።

ለምን አራት? የሌዘር ኮከብ ጉድለት ስላለባት ነው። እውነተኛ ኮከብ እጅግ ሩቅ ስለሆነች ብርሃኗ የመስታወቱን ሙሉ ስፋት ይዞ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የሌዘሯ ኮከብ ግን 90 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ብርሃኗ ከላይ ጠቦ ከታች ይሰፋል፤ በጎንና በጎን ያለው አየር ሳይለካ ይቀራል። መስታወቱ በሰፋ ቁጥር ያልተለካው ይበዛል። መፍትሔው ብዙ ኮከብ ተክሎ፣ ሁሉም ያዩትን አገጣጥሞ አየሩን ከነንብርብሩ ማስላት ነው። ባለ 39 ሜትሩ የቺሊ ቴሌስኮፕ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ሌዘር ያስፈልገዋል፤ ቅርጹን የሚቀያይረው አንዱ መስታወቱ ብቻውን ከ5,000 በላይ ገፊዎች አሉት።

ሁለተኛው ጉድለት የበለጠ ያስደምማል። ሌዘሩ ሲወጣ አየሩ ወደ ጎን ያንሸራትተዋል፤ ሲመለስ ያው አየር መልሶ ያንሸራትተዋል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። በዚህ ምክንያት የሌዘር ኮከብ አየሩ ምስሉን እንዴት እንዳጎበጠው ትናገራለች እንጂ፣ ጠቅላላው ምስል ወደ የት እንደሸሸ አትነግርም። ለዚያ አሁንም እውነተኛ ኮከብ ያስፈልጋል። ደብዛዛም ብትሆን፣ ራቅ ብትልም ትሆናለች፤ ግን መኖር አለባት። ሰው ሠራሹ ኮከብ የፈጣሪን ኮከብ ከሥራ አላስወጣም።

ሌላው ችግር አውሮፕላን ነው። ማውና ኬያ ላይ ለብዙ ዓመታት ሌዘር በተለቀቀ ቁጥር ካፖርት የደረቡ ሰዎች ከ4,000 ሜትር በላይ ብርድ ውስጥ ቆመው ሰማዩን ይቃኙ ነበር፤ አውሮፕላን ሲጠጋ ሌዘሩን ማስቆም ነበር ሥራቸው። ዛሬ አውሮፕላን የሚለዩ መሣሪያዎች እየተኩዋቸው ነው። ሳተላይትም አለ፤ በአሜሪካ የሚሠሩ ኦብዘርቫቶሪዎች ሌዘር የሚለቁበትን አቅጣጫና ሰዓት አስቀድመው ለወታደራዊ ክፍል ያሳውቃሉ። የገበያው አረንጓዴ ሌዘር ከእነዚህ ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊያርፍ ዝቅ ያለ አውሮፕላን አብራሪ ዐይን ውስጥ ቢገባ ለሴኮንዶች ያሳውረዋል። ልጅ ያለው ሰው ይህን ቢያውቅ አይከፋም።

ይህ ሁሉ ልፋት ምን አስገኘ? ከሁሉ የሚልቀው ከደቻቱም ይታያል፤ የሚታይበት ቦታ ማለቴ ነው። በግንቦት አጋማሽ ከሌሊቱ 8 እና 9 ሰዓት መካከል በስተ ደቡብ፣ ከደንገጎ ተራሮች በላይ፣ ከአድማሱ እስከ አናታችን ካለው ከግማሽ በላይ ከፍ ብሎ ቀውስ የሚባለው የኮከብ ስብስብ ይቆማል። ፍኖተ ሐሊብ በጣም የሚደምቀው እዚያ ነው፤ የጋላክሲያችን እምብርት በዚያ አቅጣጫ ነው። አሜሪካዊቷ አንድሪያ ጌዝና ጀርመናዊው ራይንሃርት ጌንትሰል የሚመሯቸው ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ከሃዋይ ሌላው ከቺሊ፣ በዚያ ቦታ ያሉትን ኮከቦች ዓመት ከዓመት ተከታተሉ። ከኮከቦቹ አንዱ፣ ኤስ2 የሚባለው፣ በ16 ዓመት አንድ ጊዜ በማይታይ ነገር ዙሪያ ይዞራል። የማይታየው ነገር ክብደቱ የፀሐያችንን አራት ሚሊዮን እጥፍ ነው፤ ብላክ ሆል ነው። በ2020 ሁለቱ ከሮጀር ፔንሮዝ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ጌዝ የሠራችበት የኬክ ቴሌስኮፕ የሌዘር ኮከብ ካገኘ በኋላ ያ የተጨናነቀ ሰፈር ቀድሞ ከነበረው እጅግ ጠርቶ ታየ። ከመሬት ወገብ ብዙ ለማንርቀው ለእኛ ይህ ሰማይ ከሃዋይም ከፍ ብሎ ይታያል። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ የቦታ ጸጋ አለን።

ሌላም የእኛ የሆነ ኮከብ አለ። በ2019 የዓለም አቀፉ አስትሮኖሚ ኅብረት ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ ኢትዮጵያ ኮከቡን ቡና፣ ፕላኔቱን አቦል አለቻቸው። ከስሙ ውበት በላይ ለጉዳያችን ትምህርት አለው። ቡና የራሱ መሪ ኮከብ ለመሆን የሚበቃ ብርሃን ስላለው ሌዘር አያስፈልገውም። አቦል ግን ለቡና በጣም ስለሚቀርብ፣ ብርሃኑም ከቡና ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ፣ ዛሬ ያለው ቴሌስኮፕ ለይቶ አያየውም፤ የታወቀው ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ሲወዘውዘው ብርሃኑ ላይ በሚታየው ለውጥ ነው።

ኢትዮጵያ ራሷስ? የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በውጭው አቆጣጠር በ2004 ሲቋቋም፣ ረሃብ ባለበት አገር ስለ ጠፈር ማውራት እብደት ነው ያለው ሰው ብዙ ነበር። ከአሥር ዓመት ግድም በኋላ እንጦጦ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ አንዳንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆሙ። ለምርምር መለማመጃና ለማስተማር ጥሩ ናቸው። አዲስ አበባ ግን ከሥራቸው ተዘርግታለች፤ መብራቷ በየዓመቱ ይደምቃል። ይህ ስለታወቀ ነው ላሊበላ አካባቢ፣ ከከተማ ብርሃን ርቀው ባሉት ተራሮች ላይ፣ ትልቅ ኦብዘርቫቶሪ የመሥራት ሐሳብ ሲነሣ የቆየው። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከማውና ኬያ ጋር እኩል ማለት ይቻላል።

ይህን ሲሰማ ልቡ የሚሞቅ ሰው አውቃለሁ፤ እኔም ይሞቀኛል። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ምንም አይደለም። ማውና ኬያ የከበረው በውቅያኖስ መካከል ብቻውን ስለቆመና ነፋሱ ሳይሰባበር በላዩ ስለሚያልፍ ነው። በተራራ የተከበበ ተራራ፣ ቀን ላይ የሚሞቅ ሸለቆ ከሥሩ ያለው፣ ሌላ ጠባይ ሊኖረው ይችላል። ክረምቱም አለ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደመና የሚጋርደው ሰማይ ስንት ጥርት ያለ ሌሊት ይተርፈዋል? ይህ የሚታወቀው በአዋጅና በስብሰባ ሳይሆን በመለካት ነው።

የመለኪያው መሣሪያ ደግሞ ውድ አይደለም። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ አፉ ላይ ክዳን ይደረግለትና ክዳኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ ተበስቶ አንዱ ላይ ብርሃኑን በጥቂቱ የሚያዘነብል ስስ ፕሪዝም ይደረጋል። የአንዱ ኮከብ ብርሃን በሁለቱ ቀዳዳ ገብቶ ሁለት ምስል ይሠራል። ሁለቱ ምስሎች እርስ በርሳቸው የሚሸሹት አየሩ ስለናወጣቸው ብቻ ነው፤ ነፋስ ቴሌስኮፑን ቢወዘውዘው ሁለቱም አብረው ይወዛወዛሉና አይቆጠርም። ካሜራ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ያነሣቸዋል፣ ኮምፒዩተር ሽሽታቸውን ይለካል፣ የአየሩ ጥራት በአርክሴኮንድ ይወጣል። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች አንዱን ደቻቱ ዳር፣ አንዱን ከደንገጎ በላይ ቢተክሉ፣ የጋለ አሸዋና ከፍ ያለ ተራራ ሰማዩን ምን ያህል እንደሚለያዩት በአንድ ወቅት ውስጥ በቁጥር ያውቁ ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ርዕስ ምን አለ?

የሌዘር ኮከብ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም፤ ለነገሩ ከትልቁ መስታወት በፊት ማንም ሌዘር አይገዛም፤ ከአየሩ ልኬት በፊትም ማንም መስታወት አይገዛም። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትም ሆነ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሊያደርጉት የሚገባው ቀላሉ ነገር፣ በየተራራው አናት ላይ እነዚያን ትንንሽ መሣሪያዎች ተክሎ ዓመት ከዓመት ሳያቋርጡ መለካትና ቁጥሩን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ማውጣት ነው። ሕንፃና የምርቃት ሪባን ይቆይ። አራቱ ሌዘሮች የሚወጡበት የፓራናል ተራራ ከ1983 ጀምሮ አየሩ ሲለካ ቆይቶ ነው በታኅሣሥ 1990 የተመረጠው።